እልል የተባለለት ደም

የመጀመሪያ ልጄን ላጣ በተቃረብሁበት ቀን ሰው እልል ብሎልኛል። ማጋነን አይደለም። ቀሚሴ ላይ ደም የታየ ጊዜ አማቴ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው እልልታውን አቀለጡት፤ በጠበሉ ዙሪያ የነበሩት ሴቶችም ተቀበሏቸው። እኔ ራሴ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ፈገግ ብያለሁ። ያ ፈገግታዬ ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ትርንጎ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አምባ ጊዮርጊስ ነው፤ አሁን ጎንደር ከተማ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው የሦስት ወር መርፌ ወስደው ላቆሙና «ምነው ሳላረግዝ ቀረሁ?» እያሉ ለሚብሰለሰሉ እህቶቼ ነው። ለባሎቻቸውም ነው። ነጭ ካፖርት ለብሰው ሳይጠይቁ መድኃኒት ለሚያዙ ሰዎች ደግሞ በተለይ ነው፤ እነሱ ግን የሚያነቡ አይመስለኝም።

ባለቤቴ ፈንታሁን ዲያቆን ነው። አባቱ ከከተማው አድባራት በአንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው፤ እሱም ለቅስና የሚጠበቅ ልጃቸው ነው። በቁርባን ስንጋባ እኔ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነበርሁ። በዚያ መሐል ብወልድ ትምህርቱ እንደሚቀር ሁለታችንም እናውቅ ስለነበር ተማክረን፣ እደግመዋለሁ፣ ተማክረን መርፌውን ጀመርሁ። ክንድ ላይ የሚወጋ ነው፤ አንዱ ለሦስት ወር እርግዝና ይከላከላል። በካህናት ቤት ግን ይህ እንደ ትልቅ ኃጢአት የሚቆጠር ነገር ስለሆነ ለቤተሰቡ ትንፍሽ አላልንም። የቀጠሮ ካርዱ ቤት ውስጥ እንዳይገኝብኝ ስለፈራሁ ቀኑን የሚይዝልኝ ፈንታሁን ነበር። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ነው፤ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት መቼ እንደሚውሉ በጣቱ አስልቶ ይነግራችኋል። የእኔንም መርፌ በዚያው ስልት ያዘው። «የዛሬው ለሚካኤል ነው፤ የሚቀጥለው በሦስተኛው ወር ለእግዚአብሔር አብ ይውላል» ይለኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳሳተኝም።

የመጨረሻዋን መርፌ የተወጋሁት ጥር ላይ ነው። ተመርቄ ሥራ ይዤ ስለነበር «አሁንስ እንውለድ» ተባባልንና የሚያዝያውን ቀጠሮ ተውሁት። ደስ ብሎን ነበር። ፈንታሁን ማታ ማታ የልጅ ስም እያነሣ ያስቀኝ ነበር፤ ግማሹ ግእዝ ስለሆነ ትርጉሙን እጠይቀዋለሁ።

መርፌው ላይ እያለሁ የወር አበባዬ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ብዙ ሴት ላይ እንዲህ ይሆናል፤ አያስፈራም። ሳቆም ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴም አለፈ፤ የለም። መስከረም ላይ መርፌውን ወደምወስድበት ጤና ጣቢያ ሄድሁና አግዳሚው ላይ ተራዬን ጠበቅሁ። ተራዬ ሲደርስ ነርሷ ከመዝገቧ ቀና ሳትል ሰማችኝ።

«ኖርማል ነው፤ ይመጣል» አለችኝ።

«መቼ?»

«ይመጣላ! ቀጣይ!»

አሁን የማውቀውን ያን ቀን ብትነግረኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ። መርፌው ከቆመ በኋላ ሰውነት ወደ ቦታው እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። ብዙ ሴት ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ዘጠኝ ወር፣ ዐሥር ወር ትቆያለች፤ አንዳንዷ ዓመትና ከዚያም በላይ። ማህፀን ደርቆ አይደለም፣ መርፌው ውስጥ ተጠራቅሞም አይደለም፤ መዘግየት ብቻ ነው። ይህን ለመናገር የሚፈጀው ጊዜ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለመጠጣት ከሚፈጀው አይበልጥም። አራት ዓመት ስመላለስ ስንት እጅ ክንዴን ይዟል! «ስታቆሚ ይዘገያል» ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ አስተማሪ ነኝ እያልሁ አለመጠየቄ ያሳፍረኛል።

ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። እማማ ይታይሽ፣ አማቴ፣ ስለ መርፌው ምንም አያውቁም። ለእኛ ልጅ መጠበቅ ከጀመርን ገና መንፈቁ ነው፤ ለእሳቸው ግን ምራታቸው ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ አልወለደችም፣ አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ክፉ ሰው አይደሉም። ስታመም ገንፎ ያገነፉልኝ፣ ለፈተና ሳጠና ጎረቤቱን ዝም ያሰኙልኝ ሰው ናቸው። አሁን ግን ጎረቤት ሲመጣ «ሸጋ ልጅ ነበረች፣ ዓይን በላት እንጅ» እያሉ እኔው ፊት ያወሩ ጀመር። ፈንታሁን እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። እየሰማ ይጎርሳል።

አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲመለስ በር ላይ ያዝሁት።

«ንገራቸው» አልሁት። «መርፌ ላይ ነበረች በላቸው።»

«ቅስናው ሊደርስ ሲል ይህን አባቴ ፊት እንዴት ላውጣው? ተይው፣ ዝም አይነቅዝም።»

«ታዲያ እኔ መካን ልባል?»

«ትንሽ ጊዜ ነው፤ ቻይው።»

ቻይው! ምጣድ ላይ የተቀመጠ እሱ አይደለ! በሌላ ቤት ቢሆን «ፍታት፣ ሌላ አግባ» ይባል ነበር፤ ያም የራሱ መከራ አለው። ዲያቆን ግን ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ካገባ ክህነቱ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ፍቺ የሚባል መንገድ ዝግ ነበር፤ የቀረው መንገድ እኔን ማዳን ነው። ምንም ሳልታመም እንድድን ተፈረደብኝ።

መጀመሪያ የሄድሁት ፒያሳ አካባቢ፣ ደረጃ ተወጥቶ የሚገባበት አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ስሙን አልጽፍም። መጠበቂያው ክፍል የፕላስቲክ ወንበር፣ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ ጉንጩ የሞላ የሕፃን ፎቶ አለበት። ልጅ ፍለጋ የመጣች ሴት ሁሉ ያን ሕፃን ላለማየት አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። ከእንፍራንዝ የመጣች አንዲት ሴት ሳታውቀኝ ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈትታ እፍኝ ሰጠችኝ፤ «ብይ እህቴ፣ እዚህ ሲገቡ ሆድ ባዶ ሲሆን ይብሳል» አለችኝ። ከዚያ ክሊኒክ ያገኘሁት ጥቅም ያች እፍኝ ቆሎ ናት።

ነጭ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ የመርፌውን ነገር ስነግረው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። «መርፌው ነዋ! ማህፀን ላይ ይከማቻል። መታጠብ አለበት።» ከዚያ ደም አስመረመረኝና ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ትኩሳት የለኝ፣ ራስ ምታት የለኝ! መርፌ ጎዳሽ ያለኝ ሰው ዐሥር ቀን ሙሉ ሌላ መርፌ ወጋኝ። የሁለት ወር ደመወዜ እዚያ ደረጃ ላይ ቀረ። ፈንታሁንን ግን «አንተስ ተመርምረሃል?» ያለው የለም። የወንድ ነገር አይነካም፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው ነገሩ።

ታኅሣሥ አለፈ፤ ጥርም አለፈ። የካቲት ሲገባ ሰውነቴ የማላውቀው ሆነብኝ። የዘይት ሽታ ያጥወለውለኛል፣ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ ወደ መስኮት እሸሻለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጠመኔ እንደያዝሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። እንደገና ያን ደረጃ ወጣሁ። ሰውዬው ደም የሚያመጣ ክኒን ጻፈልኝ።

«እርግዝና ሊሆን አይችልም?» ብዬ ጠየቅሁት። ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠይቄያለሁ፤ እግዜር ይመስክርልኝ።

ሳቀ። «ደም ሳታይ ምን ታረግዣለሽ? መጀመሪያ ደሙ ይምጣ!»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ነው። ሴት የምታረግዘው እንቁላሏ ሲወጣ ነው፤ የወር አበባ የሚመጣው ደግሞ ያ እንቁላል ሳይረገዝ ሲቀር ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ መርፌ ያቆመች ሴት የመጀመሪያው እንቁላሏ ሲወጣ ካረገዘች የወር አበባ የሚባል ነገር ሳታይ ነፍሰ ጡር ትሆናለች። ይህን የማያውቅ ሰው ሴት ማከም የለበትም። ካላወቀም የሽንት ምርመራ ነበረለት፤ ከታይፎይዱ ምርመራ የረከሰ ነው። እኔ ክኒኑን ዋጥሁ። ደም አልመጣም። ማጥወልወሉ ባሰ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እማማ ይታይሽ ቆረጡ። «ሐኪም ያልቻለውን ጠበል ይችለዋል። ይኸ መተት ነው፤ በሠርጓ ቀን ያስደረጉባት ነው» አሉ። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሁለት ሱባኤ፣ ዐሥራ አራት ቀን ማለት ነው፣ ልጠመቅ ተነሣን። ፈንታሁን መናኸሪያ ድረስ ሸኘን። ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮት «በርች» አለኝ። ያን ጊዜም ሊናገር ይችል ነበር።

ቦታው ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ነው፤ ገደል ሥር ነው፤ የደጋ ብርድ ነው። ሳይነጋ እንነሣለን፤ ተጠምቀን በባዶ ሆድ አንድ ትልቅ ጣሳ ጠበል፣ እምነት ተበጥብጦበት፣ እንጠጣለን። እምነት የምለው ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን የተባረከ አመድ ነው። እኔ ጠጥቼ ሳልጨርስ ያስመልሰኛል። ሴቶቹ ይሰበሰቡና ያስመለስሁትን እያዩ «ጥቁር ነው! ጥቁር ነው! ወጣላት!» ይላሉ። አመድ ጠጥቼ ምን ነጭ ይወጣኛል? አማቴ ግን እያለቀሱ ያመሰግናሉ፤ አጥማቂውም «ገና አለ፣ ጨምሩላት» ይላሉ። ይጨመርልኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ፣ ከዚያ እፍኝ ሽምብራ፤ እሷንም ማግስቱን እመልሳታለሁ። ማታ ጎጆው ውስጥ ሴቶች መሐል ተኮራምቼ ሳለሁ እውነት መተት ቢሆንስ የሚል ፍርሃት ያዘኝ። እኔ፣ የአካባቢ ሳይንስ የማስተምር ሴት!

ጠበሉን አልከስም። ሃይማኖቴ ነው፤ ዛሬም እጠጣዋለሁ። የምከሰው ሰውን ነው። ደግሞም እውነቱን መጀመሪያ ያየልኝ ሰው እዚያው ጠበል ላይ ነው የተገኘው።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ ለበሽተኛ ጠበል የሚቀዱ መነኩሲት ናቸው። ከመመንኮሳቸው በፊት ስድስት ልጅ ወልደዋል። በዘጠነኛው ቀን ድንጋይ ተደግፌ ሳቃስት ማድጋቸውን አውርደው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንች ልጅ፣ ጡትሽን ያምሻል?»

«ያመኛል፣ እማሆይ።»

«ሽንት ቶሎ ቶሎ ይልሻል?»

«አዎ።»

«የምን ሽታ ጠላሽ?»

«የዘይት።»

በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ልጀ፣ መተት ጡት አያሳምምም» አሉኝ።

ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ፣ ያን ሁሉ ደም ሰጥቼ ማንም ያልጠየቀኝን ሦስት ጥያቄ ማድጋ ተሸካሚ መነኩሲት ጠየቁኝ። እማሆይ ይህንኑ ለአማቴ ሲነግሯቸው አማቴ ተቆጡ፤ «ኧረ እማሆይ፣ ደም ካየች ስንት ዘመኗ! ምኑ ተይዞ ይረገዛል?» አሉ። ክሊኒኩ ያለው ነው፤ ቃል በቃል። የተማረውም ያልተማረውም በአንድ ስሕተት ተስማሙ። እኔም አማቴን አመንሁ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ጧት ተጠምቄ ስወጣ ሆዴ ሥር ቆረጠኝ፤ ነጠላዬን ሳነሣ ቀሚሴ ቀልቷል። የተቀረውን ነግሬያችኋለሁ። «ደሟ መጣላት! ተፈታች!» እያሉ እማማ ይታይሽ አገር ምድሩን አሰሙ፤ እዚያው ቆመው ለፈንታሁን ደወሉለት። «ና ልጀ፣ ሚስትህ ዳነች!»

ከዚያ ወግ መጣ። ደም ያየች ሴት በጠበሉ ቅጥር ውስጥ አትቆምም። እልል ያሉልኝ ሴቶች ራሳቸው «በይ እንግዲህ ውጭ፣ ውጭ» ብለው ከቅጥሩ አስወጡኝ። ሌላ ጊዜ ይህ ወግ ይከፋኝ ነበር። ያን ቀን ግን ባያስወጡኝ ኖሮ የቀሩኝን ሦስት ቀኖች በባዶ ሆዴ እዚያው ቆሜ እጨርስ ነበር፤ ልጄም እዚያው ትቀር ነበር።

ከቅጥሩ ውጭ ወይራ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ እማሆይ የታጠበ ጨርቅ በብብታቸው ይዘው መጡ። ፊታቸው ላይ ደስታ የለም።

«ይቆርጥሻል?»

«እዚህ ታች።»

«ወደ ቤትሽ እንዳትሄጅ። ሐኪም ዘንድ ነው። በእግርሽም አትሄጅም።» ዘወር ብለው ወደ ገበያ የሚወጡትን ሰዎች ተጣሩ። «አያ ደሴ! እናንተ! ቃሬዛ አምጡ!»

እማማ ይታይሽ ግራ ገባቸው። «ለወር አበባ ቃሬዛ? ምነው እማሆይ፣ ሰው ይስቅብናል!»

«ይሳቃ!» አሉ እማሆይ።

አያ ደሴና ሦስት ሰዎች ገበያቸውን ትተው ያን ሁሉ ዳገት ተሸክመውኝ ወጡ። በመንገድ አንዱም ምን እንደሆንሁ አልጠየቀኝም። አያ ደሴ ብቻ በየዕረፍቱ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ደረስን» ይሉኛል፤ ገና ሩቅ ነበርን።

አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ ስንደርስ የተቀበለችን አዋላጅ ከእኔ የምታንስ ልጅ ናት። አልጋ ላይ አስተኝታ ከምንም በፊት «የእርግዝና ምርመራ ተደርጎልሽ ያውቃል?» አለችኝ።

«ማንም ብሎኝ አያውቅም።»

ሽንቴን በትንሽ ኩባያ ወሰደች። እማማ ይታይሽ ደውለው ያለንበትን ስለነገሩት፣ እሷ ሳትመለስ ፈንታሁን ከጎንደር ደርሶ ገባ። የደስታ ነዋ፣ በፌስታል ብርቱካን ይዟል። አዋላጇ ሁለት መስመር የወጣባትን ቀጭን ነገር ይዛ መጣችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይህ የወር አበባ አይደለም። ነፍሰ ጡር ነሽ። መድማትሽ ያሰጋል፤ ግን ጽንሱ ገና የወረደ አይመስለኝም፤ አሁኑኑ ጎንደር በአምቡላንስ ትሄጃለሽ። ከዚህ በፊት መከላከያ ትወስጂ ነበር?»

ክፍሉ ውስጥ አራት ነን፤ እኔ፣ አዋላጇ፣ አማቴ፣ ባሌ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ዋጥሁት።

«እሱን ጠይቂው» አልሁ። «ቀኑን የሚይዘው እሱ ነው።»

ፈንታሁን ብርቱካኑን አየ። ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። በመጨረሻ መሬት መሬት እያየ «የሦስት ወር መርፌ ነው። አራት ዓመት። የመጨረሻው አምና ጥር፣ ለሚካኤል» አለ።

«የምን መርፌ?» አሉ አማቴ። ፈንታሁንን አዩት። ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማ።»

«በዚያ ብርድ ስትወድቅ ስትነሣ ታውቅ ነበር?»

ብርቱካኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«በልጅህ ደም ላይ እልል አሰኘኸኝ» አሉት።

ብዙ ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንዱም አላስፈለገኝም። አምቡላንሱ ውስጥ እጄን ይዘው የሄዱት እማማ ይታይሽ ናቸው። ፈንታሁን ከፊት ከሾፌሩ ጋር ተቀመጠ።

ጎንደር ሆስፒታል በአልትራሳውንድ አዩኝ፤ ሆድ ላይ ቅባት ቀብቶ ውስጡን በመስታወት የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሐኪሟ መሣሪያውን ሆዴ ላይ ወዲያ ወዲህ እያደረገች ፈለገች። ከዚያ መስታወቱን ወደ እኔ አዞረችልኝ፤ አንዲት ትንሽ ነገር ቶሎ ቶሎ ትርገበገባለች። «ልቡ ነው። ዐሥራ አንድ ሳምንት ሆኖታል» አለችኝ። የዋጥሁት ክኒን ያመጣው ይሆን ብዬ ስጠይቃት እርግጠኛ ሆና «እሱ ነው» አላለችኝም፤ እንዲህ ያለ መድማት ያለ ክኒንም ይመጣል አለች። «ግን እርግዝና መኖሩ ሳይታይ እንዲህ ያለ ክኒን አይሰጥም። መጾሙም ለአንች አይሆንም ነበር» አለች። ደሙ በአምስተኛው ቀን ቆመ። ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት በሄድሁ ቁጥር ጨርቁን ለማየት እፈራ ነበር፤ ያ ፍርሃት እስክወልድ አልለቀቀኝም።

ፈንታሁን ያኑ ሳምንት ለአባቱ ነገራቸው። መሪጌታ ሰምተው ሲያበቁ «ስለ መርፌው ብትነግረኝ አንድ ቀን እቆጣህ ነበር፤ ከዚያ ንስሐ አለ። ሰውን ያለ በሽታው ማሳከምህን ግን ምን ልበለው?» አሉት። ቅስናውን ለጊዜው አቆዩት። አላዘንሁለትም። አሁን ወደ ኑሯችን ተመልሰናል፤ አብረን እንበላለን፣ አብረን እንስቃለን፤ ይቅርታ ማድረጉን ግን ገና አልጨረስሁትም፣ እሱም ያውቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሱ የደበቀው የራሱን ሳይሆን የእኔን ነው።

ስድስት ወር ሲሞላኝ ሆዴን ይዤ ያን የፒያሳ ደረጃ ወጣሁ። ሰውዬው ሲያየኝ ፊቱ በራ። «አላልሁሽም? መድኃኒቱ ሠራ!» አለኝ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። እዚያው መጠበቂያው ክፍል፣ ያ ሕፃን ፎቶ ሥር ቆሜ ለተቀመጡት ሴቶች «ክኒን ከመዋጣችሁ በፊት ሽንታችሁን ተመርመሩ፤ ይህ ሰው ነፍሰ ጡር ሆኜ ደም የሚያመጣ ክኒን ሰጥቶኛል» አልኋቸው። ዘበኛ ጠራብኝ። ዘበኛው ሆዴን አይቶ «እናቴ፣ ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውረጂ» አለኝና ክንዴን ይዞ አወረደኝ። ለሚመለከተው ቢሮም ጽፌ አስገብቻለሁ። እስካሁን መልስ የለም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ሴት ልጅ ወለድሁ። ጩኸቷ አዋላጆቹን ሳይቀር አሳቃቸው። ደህና ናት፤ ወፍራም ናት፤ ቁጡ ናት፤ እኔን መሰለች።

ባለፈው ለመጀመሪያ ክትባቷ ያንኑ የድሮ ጤና ጣቢያ ሄድን። ያው አግዳሚ፣ ያች ነርስ። ልጅቱን የታቀፉት እማማ ይታይሽ ናቸው፤ ለእኔም አይሰጡኝም። ክትባቱ ሲያልቅ ነርሷ ካርዴን ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ እንደ ድሮው ሳታየኝ፣ «መከላከያስ? መርፌው ተስማምቶሽ ነበር አይደል፣ እሱኑ ልስጥሽ?» አለችና ወደ ሳጥኑ እጇን ሰደደች።

እኔ አፌን ሳልከፍት እማማ ይታይሽ ተነሡ። መርፌ ኃጢአት ነው ሲሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ዛሬም ሐሳባቸውን የለወጡ አይመስለኝም። «ቆይ አንች ልጅ» አሏት። «መጀመሪያ ሲያቆሙት የሚሆነውን ንገሪያት።»

«እማማ፣ ሰው ተሰልፏል።»

«ሰው ስለተሰለፈማ ነው። ጮክ ብለሽ ንገሪን፤ እነሱም ይስሙ።» በሩን በእግራቸው ገፍተው ወለል አድርገው ከፈቱት።

ነርሷ መጀመሪያ እኔን አየች፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ቀና ብላ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ወደ አግዳሚው ዞረችና ሲቆም እንደሚዘገይ፣ ዘጠኝ ወርም ዐሥር ወርም ዓመትም ሊሆን እንደሚችል፣ ደም ሳይታይም እርግዝና እንደሚኖር ተናገረች። እኔ የመረጥሁትን አልጽፍም፤ አውቄ እንደመረጥሁ ግን ይጻፍልኝ።

ስንወጣ አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት ወጣት፣ ካርዷን ጡቷ ውስጥ ልትሸጉጥ ስትል ተወችው። «እህቴ፣ ነርሷ ስንት ወር ይዘገያል አለች?» ብላ ያዘችኝ። ነገርኋት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወሮቹን በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ የአንድ እጇ ጣት አልቆ ወደ ሁለተኛው ስትሻገር ዓይኗ እንባ ሞላ። «ታዲያ እኔ መርፌውን ካቆምሁ ገና ሰባተኛ ወሬ ነው» አለችኝ። «ነገ እኮ ወደ ጠበል ሊወስዱኝ ነበር።»